ሁለት ጊዜ የተሄደ መንገድ

ሬሳው የተገኘው ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በኔትወርክ ካርታ መሥሪያ ቤቱ ጓሮ፣ ሦስት ሜትር በሚጠልቀው የኬብል ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ያገኘው ዘበኛው ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ጓሮውን ሊቃኝ ወጣ፤ የጉድጓዱ የብረት ክዳን ወደ ጎን ተገፍቶ ቢያይ «ማነህ እዚያ ውስጥ?» ብሎ ጮኸ። መልስ ሲያጣ ጎንበስ ብሎ አየ። ያየውን ለፖሊስ ለመናገር ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ድምፁ ተቆረጠ።

ሟቹ የካርታ ክፍሉ ባለሙያ ነበር። የአርባ ሁለት ዓመት ሰው፣ ሚስት ያላገባ፣ እናቱን የሚጦር፣ አንዲት ባለትዳር እህት ያለችው። ባልደረቦቹ «መለኪያ» ይሉታል፤ ሜትር ከኪሱ ስለማይለይ ብቻ ሳይሆን ያልለካውን ነገር ስለማያምንም ጭምር። ሰው ሁሉ አየር ላይ የተንሳፈፈ የሚመስለውን ኢንተርኔት እሱ መሬት ላይ ይፈልገዋል። የቱ መልእክት በየትኛው ጎዳና ሥር፣ በየትኛው ድልድይ ጎን፣ በማን አጥር በኩል እንደሚያልፍ እየለካ በከተማው ካርታ ላይ ሲስል አምስት ዓመቱ ነው። ካርታው ሊወጣ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር።

ኢንስፔክተሯ የደረሰችው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከጀርባዋ «ወፍጮ» ይሏታል፤ ዝግ ብላ ትፈጫለች፣ ግን አድቅቃ ነው። ቅጽል ስሟን ታውቀዋለች፤ እንደማታውቅ ሆና ትኖራለች።

«አዳልጦት ነው» አላት ሳጅኑ ገና ሳትጠይቀው። «ዝናብ ነው፣ መሰላሉም ሙልጭልጭ ያለ ነው። ሲወርድ ወደቀ፣ ጭንቅላቱን መታው፣ አለቀ።»

«መብራቱስ?»

«የምን መብራት?»

«እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ጠራራ ፀሐይ ላይ እንኳ የራስህን እጅ አታይም። በደመና ቀን ሊወርድበት የመጣ ሰው መብራት አይዝም?»

ሳጅኑ ወደ ላይ ወጥቶ ተመለሰ። በግንባር የሚታሰረው መብራት በሟቹ ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ እየተደረገ ነበር።

«ስለዚህ ሊወርድ አልመጣም» አለች። «ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሊያይ ወይም ሊያሳይ ነው የመጣው።»

ሬሳው ከወጣ በኋላ መብራቱን ግንባሯ ላይ አስራ ራሷ ወረደች። ከጉድጓዱ ግድግዳ ሁለት ቧንቧ ይወጣል፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ። አንድ ሰማያዊና አንድ ቢጫ ኬብል ጎን ለጎን ሆነው በምሥራቁ ገብተዋል። የምዕራቡ ቧንቧ አፍ ከፋብሪካ ይዞት በመጣው ጥቁር ላስቲክ እንደተደፈነ ነው። ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም። ማስታወሻዋ ላይ ግን ሣለችው።

ስትወጣ ዘበኛው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«አባባ፣ ይህን ክዳን አንድ ሰው ያነሣዋል?»

«ኧረ ወዲያ ልጄ! ሁለት ጎረምሳ ይፈልጋል። ይኸው፣ ሁለት ቀዳዳ አለው። በዚህ አንድ መንጠቆ፣ በዚያ አንድ መንጠቆ ያስገቡና እኩል ነው የሚስቡት።»

አንዱ መንጠቆ ጭቃው ላይ ወድቋል። ሁለተኛው የዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ ምስማሩ ላይ፣ በቦታው ተሰቅሏል። ከሥሩ ሲሚንቶው ላይ የአንድ ሳንቲም ያህል የዛገ ውሃ ጠብ ብሎ ደርቋል።

«ዝናቡ ስንት ሰዓት ጀመረ?»

«ልክ ስምንት ሰዓት። ዋና ኃላፊዋ በዋናው በር ስትገባ ነው የጀመረው። ሩብ ሰዓትም አልቆየች፤ የመኪናዋን በር ድርግም አድርጋው ሄደች። ከእሷ በኋላ መለኪያ ነፍሱን ይማረውና በመስኮት ብቅ አለ። ስምንት ከሃያ ይሆናል። 'በጓሮው በር እንግዳ ይመጣብኛል፣ እንዳትሰጋ' አለኝ።»

«ማን እንደሆነ አልነገረዎትም?»

«አልነገረኝም። ፊቱ ግን ለቅሶ የሚሄድ ሰው ፊት ነበር።»

የጓሮው በር ቁልፍ አራት ነው። አንዱ የሟቹ ነው፣ አንዱ የዋና ኃላፊዋ። ሦስተኛው ላይኛው ፎቅ፣ ካርታውን ከሟቹ ጋር በሚሠራው ፕሮግራመር ክፍል ተሰቅሏል። አራተኛው ኬብሉን ባስዘረጋው ኢንጂነር እጅ ነው። ኢንጂነሩ የሟቹ እህት ባል ነው፤ ከሚስቱ ጋር የሚኖረው በመኪና አራት ሰዓት በሚያስኬደው የሐይቁ ከተማ፣ የሚሠራውም በዚያው ቅርንጫፍ ነው።

ዋና ኃላፊዋ ስትጠየቅ መጀመሪያ ዋሸች። «ቤቴ ነበርኩ» አለች። ዘበኛው እንዳያት ሲነገራት ዓይኗን አልሰበረችም።

«እሺ፣ መጥቻለሁ። ካርታው ይዘግይ ብዬ ለምኜዋለሁ።»

«ምክንያት?»

«ባለፈው ክረምት ወንዙ የድልድዩን ጎን ሲወስደው የከተማው የአምቡላንስ ስልክ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዝም ማለቱን ያስታውሳሉ? ሁለት ወላዶችና አንድ ሕፃን ሞቱ። ሁለተኛ መስመር አለን ብለን ነበር፤ ሰማያዊው በድልድዩ፣ ቢጫው በኮረብታው ዞሮ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዴት እንደጠፉ ማንም አላወቀም። መለኪያ 'አውቄዋለሁ' አለኝ። ምን እንደሆነ ግን 'ሰኞ እነግርሻለሁ፣ መጀመሪያ የማነጋግረው ሰው አለኝ' ብሎ ዘጋኝ። ፈራሁ። መሥሪያ ቤቱን የምመራው እኔ ነኝ፤ ሸክሙ በኔ ነው የሚወድቀው።»

ፕሮግራመሩ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ላይኛው ፎቅ ነበር። ቁልፉም ከጎኑ ነው። በሳምንቱ መጀመሪያ ደግሞ ከሟቹ ጋር ኮሪደር ላይ ተጯጩኸዋል። ሳጅኑ እጁን አፋተገ።

«ስሜን ከካርታው ሥር አውጥቶት ነበር» አለ ፕሮግራመሩ፤ ወጣት አይደለም፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ነው። «ተቆጣሁ። በኋላ ጠራኝና 'ያወጣሁህ ነገር ቢመጣ አብረኸኝ እንዳትወድቅ ነው' አለኝ። ምን ነገር ስለው ዝም። አሁን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሊሆንብኝ ነው?»

«የመንጠቆዎቹን ቦታ ታውቃለህ?»

«የምን መንጠቆ?»

ኢንስፔክተሯ ትክ ብላ አየችውና ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች። «እስቲ ትናንት ከሰዓት ወደዚህ ቢሮ የገባውን መልእክት ሁሉ አሳየኝ» አለችው። ይህ የሆነው እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

ኢንጂነሩ ሦስት መልእክት ልኳል፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ፣ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ፣ ዘጠኝ ከአሥር። ሁሉም የሥራ ሪፖርት ነው። ከእያንዳንዱ ጎን የአድራሻ ቁጥር ተጽፏል።

«ይህ ቁጥር የት ነው?»

«የሐይቁ ከተማ ቅርንጫፍ።»

«ቁጥሩ ነው እዚያ ያለው ወይስ ሰውየው?»

ፕሮግራመሩ እጁ በኪቦርዱ ላይ ቀረ። «መለኪያም ሁልጊዜ ይህንኑ ነበር የሚጠይቀው» አለ በቀስታ። ከዚያም ሌላ ዝርዝር ከፈተ፤ ሟቹ ለካርታው ብሎ የሠራው፣ ከእሱ በቀር ማንም ገልጦ የማያየው። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ አዩት። ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋ ላይ ሰባትና አሥራ አራት ብላ ጻፈች።

እህቱና ባሏ ማታውን ከተማ ገብተው በዘመድ ቤት አድረዋል። ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። እህትየው ሐዘን ያቆረፈዳት፣ በአንድ ሌሊት አሥር ዓመት የጨመረች ትመስላለች። ኢንጂነሩ ክንዷን ይዟታል። ረጅም፣ እጆቹ ሰፋፊ፣ ንግግሩ የተቆጠበ ሰው ነው።

«ወንድሜም ጓደኛዬም ነበር» አለ። «ይችን ሚስቴን ያጋባኝ እሱ ነው።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ቅርንጫፍ ቢሮ፣ ብቻዬን። ሪፖርት ስልክ ነበር። ይመልከቱት።»

«ተመልክቼዋለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሟቹ በቅርብ ቀን ደውሎላችሁ ነበር?»

«ለኔ አልደወለም።»

እህትየው አፏን ከፈተች፤ መልሳም ገጠመችው። ኢንስፔክተሯ አላስጨነቀቻትም። ሳጅኑን ወደ ጎን ጠርታ አንድ ቦታ ላከችው።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉንም የካርታ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር የያዘው የከተማው ካርታ ላይ የመንገዶቹ ስም ደብዝዞ ኬብሎቹ ደምቀዋል። ድልድዩ አጠገብ በእርሳስ አንዲት የጥያቄ ምልክት አለች። ዋና ኃላፊዋ መስኮቱ ጋ ቆመች። ፕሮግራመሩ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ጋ ቀረ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ» አለች። «እኔም ከጉድጓዱ እጀምራለሁ። ይህ ሰው መብራት ሳይዝ ነው የመጣው፤ መውረድ አላሰበም። ክዳኑን ደግሞ ብቻውን ሊያነሣው አይችልም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነበር፤ በጓሮ በር የመጣ፣ የሚጠብቀው ሰው። ሁለቱ እኩል ሳቡ። አንዱ መንጠቆ ሟቹ በጣለበት ቀርቷል። ሁለተኛው ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ውሃም አንጠባጥቧል። ዝናቡ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው፤ ስለዚህ የተሰቀለው ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው ገድሎ ዕቃ በቦታው የሚመልስ ማን ነው?»

ዘበኛው ባርኔጣውን በእጁ አዞረ።

«አስቦበት አይደለም። እጁ ነው የሰቀለው። ሃያ ዓመት ከሥራ በኋላ መንጠቆ ሲሰቅል የኖረ እጅ። ፕሮግራመሩ መንጠቆ መኖሩንም አያውቅም። እርስዎስ ወይዘሮ?»

«ዕቃ ክፍሉ ገብቼ አላውቅም» አለች ዋና ኃላፊዋ።

ሁሉም ሳያስቡት ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። እሱ አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ ሐይቁ ከተማ ነበርኩ። መዝገቡ ይናገራል።»

«መዝገቡ የሚናገረው አድራሻ ነው። ፖስታ ላይ የፈለጉትን አድራሻ መጻፍ ይቻላል፤ የፖስተኛውን እግር ግን ማታለል አይቻልም። ሟቹ መልእክት በገባ ቁጥር ላኪው ኮምፒውተር ድረስ 'አለህ ወይ?' ብሎ የሚጠይቅ፣ መልሱ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠርቷል። አንተ ንገራቸው።»

ፕሮግራመሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሐይቁ ከተማ ሲሆን ሰባት ሚሊሰከንድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰባት። ትናንት የኢንጂነሩ ሦስቱም መልእክቶች አሥራ አራት ናቸው።»

«እጥፍ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጥያቄው ሐይቁ ከተማ ደርሶ አላበቃም። ከዚያ ተነሥቶ ያንኑ ያህል መንገድ እንደገና ሄዷል፤ ወደዚሁ ከተማ ተመልሶ መጥቷል። ኢንጂነሩ ኮምፒውተራቸውን ሌላ ቦታ ይዘው፣ መልእክቱን በቅርንጫፉ በኩል አሳልፈው ነው የላኩት፤ ከዚያ የመጣ እንዲመስል።»

«መስመር ይዞራል» አለ ኢንጂነሩ። ድምፁ የባለሙያ ድምፅ ነበር። «አንድ ቦታ ሲበላሽ በሌላ በኩል ይሄዳል፣ ጊዜው ይረዝማል። ይህ ማስረጃ አይደለም።»

«እኔም ይህንኑ ጠይቄያለሁ። በዚያው ቅርንጫፍ፣ በዚያው መስመር ላይ በየደቂቃው ሙቀት ለክቶ የሚልክ መሣሪያ አለ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሰባት ነው ያለው። መንገዱ አልረዘመም፤ ርቀው የሄዱት እርስዎ ነዎት። በሞባይል ኢንተርኔት ቢልኩት ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። የእርስዎ ግን ቀጥ ያለ ነው፤ ከኬብል ላይ በቀጥታ የተሰካ። እዚህ ከተማ ውስጥ ከኬብል ላይ እንደ ልቡ የሚሰካ ሰው ማን ነው? ድልድዩ አጠገብ የመስመር ማገናኛ ክፍል አለች፤ ከጓሮው በር አምስት ደቂቃ በእግር። ሳጅን!»

«ቁልፏ በአንድ ሰው ስም ብቻ ነው የወጣው» አለ ሳጅኑ፤ አሁን ስለ ማዳለጥ አላነሣም። «በእሳቸው። ወለሉ ላይ የጫማ ጭቃ አለ። ገና አልደረቀም።»

ኢንጂነሩ ሊናገር ሲል ሚስቱ ቀደመችው።

«ዐርብ ማታ ደውሎልኝ ነበር» አለች። የምታየው ወለሉን ነው። «'ባልሽን ብቻውን ላነጋግረው ነው፣ አትቆጪኝ' አለኝ። 'ተጣላችሁ እንዴ?' ስለው 'አይ፣ እንዳንጣላ ነው' አለ። ለፖሊስ ያልተናገርኩት...» ትንፋሿን ሰበሰበች። ወደ ባሏ ዞረች። «ትናንት አንድ ሰዓት አልፎ ቤት ስትገባ ሱሪህ እስከ ጉልበትህ ጭቃ ነበር። መኪና ሳጥብ ነው አልከኝ። እኛ ከተማ ሳምንቱን ሙሉ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንተ መንገዱ ላይ እያለህ የወንድሜን ሞት ነግረውኝ ነበርና ጭቃውን አይቼ አላየሁትም። እንዲያውም ደርቆ እስኪረግፍ እኔው ቦረሽኩልህ።»

«ስሚኝ...»

«አራት ሰዓት ሙሉ መኪና እየነዳህ አመጣኸኝ። ስጮህ እጄን ይዘህ ነበር።»

ኢንጂነሩ ቆሌው ተገፈፈ። ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ገልጣ የሣለችውን የጉድጓድ ሥዕል ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ቢጫው ኬብል በምዕራቡ ቧንቧ ወጥቶ በኮረብታው መዞር ነበረበት። ቧንቧው ዛሬም እንደተደፈነ ነው። ሁለቱም በአንድ ቦይ፣ በአንድ ድልድይ ነው የሄዱት። የተለያዩ ናቸው ብለው የፈረሙት እርስዎ ነዎት። ሟቹ ይህን ያወቀው መሬት ቆፍሮ አይደለም፤ ቢጫው መርዘም ሲገባው ከሰማያዊው እኩል ጊዜ እንደሚፈጅበት አይቶ ነው።»

«ኮረብታው ድንጋይ ነው» አለ በመጨረሻ። «መሣሪያው ሦስት ጊዜ ተሰበረ። የምረቃው ቀን ተቆርጦ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አስተካክለዋለሁ ብዬ... ማን ወንዝ ይሞላል ብሎ አሰበ?»

«ትናንት ምን አለዎት?»

«'ራስህ ተናገር' አለኝ። 'እስከ ሰኞ ልጠብቅህ፤ ካንተ አፍ ከወጣ ለእህቴም ይቀላታል' አለኝ። ቧንቧውን ሊያሳየኝ ጎንበስ አለ። እጄ ነው የገፋው። እኔ አላሰብኩም። እጄ ነው።»

«አይደለም» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ድምፅዋን ሳታነሣ። «መንጠቆውን እጅዎ ሰቅሎት ይሆናል። የመጀመሪያው መልእክት ግን ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ገና ፊቱን ሳያዩት። ያም አሥራ አራት ነው። ከቤትዎ ሲነሡ ነው አዘጋጅተውት የመጡት።»

እህትየው ከወንበሯ ተነሣች። ፊት ለፊቱ ቆማ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ከወደቀ በኋላ ተጣርቷል?»

ወደ በሩ አየ።

«ተጣርቷል ወይ?»

«አንድ ጊዜ።»

«ምን ብሎ?»

«ስሜን ጠራ» አለ። ፊቱን በሁለት ሰፋፊ እጆቹ ሸፈነ። ዘጠኝ ከአሥር ላይ የላከው የመጨረሻው መልእክት «ሪፖርቱ ተጠናቋል፣ መልካም እረፍት» የሚል እንደነበር ፕሮግራመሩ ያውቅ ነበርና ተነሥቶ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ሳጅኑ ኢንጂነሩን ይዞት ሲሄድ ዋና ኃላፊዋ ከመስኮቱ ሳትለይ «ካርታው ነገ ይወጣል» አለች። ማንም አልጠየቃትም። «በእሱ ስም። እኔም የምጠየቅበት ነገር ካለ እጠየቃለሁ። ኮረብታውን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ይቆፍሩታል፤ ድንጋይም ይሁን ብረት።»

ኢንስፔክተሯ ሥራዋ አልቆ ነበር። ቢሆንም እህትየውን ብቻዋን ልትሰዳት አልቻለችም። እናትየው የልጃቸውን ሞት ገና አልሰሙም፤ ልባቸው ደካማ ነው ተብሎ «ታሟል» ብቻ ተብለዋል። ሁለቱ ሴቶች በአንድ መኪና ሄዱ። መንገድ ላይ እህትየው «መጀመሪያ የቱን ልንገራት?» አለች። ኢንስፔክተሯ መኪናውን ቀስ አድርጋ ነዳች።

እናትየው በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። የሴት ልጃቸውን ፊት ሲያዩ ምንም ሳይባሉ ገባቸው። አልጮኹም። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ወደ መንገዱ አዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

«አባትሽ የለ፣ ሌላ ወንድም የለሽ» አሉ። «ሬሳውን ከፊት የሚሸከምልኝ አማቼ ነው እንግዲህ። ልጄ፣ ባልሽ የት ቀረ?»

እህትየው እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ራሷን ጭናቸው ላይ አድርጋ፣ አፏን በቀሚሳቸው ሸፍና መናገር ጀመረች። ኢንስፔክተሯ መኪናው ድረስ ተመልሳ ሄደች፤ እናትየው መጮኽ ሲጀምሩ የሚሰማበት ርቀት ላይ ግን ቆማ ጠበቀች።